የሦስተኛው ዙር ደንበኛ

ደብረ ማርቆስ ላይ ቅርንጫፍ ሊከፍት የመጣ አንድ ባንክ «ደንበኛ የሚያስተናግድ አንድ ሰው እፈልጋለሁ» ቢል ሦስት መቶ ሰው ተመዘገበ። ወይ ጉድ! ተጣርተው ስድስት ቀሩ፤ ከስድስቱ አንዷ የይጁቤዋ መክሊት እንዳላማው ናት።

መክሊት ከተመረቀች ሦስት ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ቀርቷታል። ማስታወቂያው ደግሞ «ከተመረቀ ሦስት ዓመት ያልሞላው» ይላል። ከወር በኋላማ ጀማሪ እንዳትባል ጊዜው ያልፍባታል፣ ልምድ አላት እንዳትባል ልምዱን የሚሰጣት የለም። ይኼ ካመለጣት ይጁቤ ገብታ ዲግሪዋን ግድግዳ ላይ መስቀል ነው።

ዋና ፈታኟ ወይዘሮ እየሩስ ከአዲስ አበባ ነው የመጡት። ገና ሲገቡ ደንብ አነበቡ፤ «እዚህ ቤት ዝምድና አይሠራም! ዘመድ ያስጠራ፣ ዘመድ የመሰከረለት፣ ወዲያው ይሰረዛል!» እሰይ፣ ዝምድና ከአገር ጠፋ! ረዳት ፈታኙ «አክስቴ» ብሎ ሲጠራቸው ሁሉም እንዳልሰማ ሆነ።

አንደኛው ዙር ራስን በእንግሊዝኛ ማስተዋወቅ ነበር። የቁይ ገበሬ ብር ሊያስቀምጥ ሲመጣ መቼም በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራው! ስድስቱም «ድክመቴ ሥራ ማብዛቴ ነው» አሉ፤ ሁለቱ ሲሉ ስላፈሩ ወደቁ።

ሁለተኛው ዙር በደረቅ ፓስታ ግንብ መሥራት ሆነ። ጊዜው ጾም ነው፣ የአራቱም አንጀት ይጮኻል። የሺዋስ የሚባለው ተፈታኝ «ቀቅለን ብንበላውስ?» ቢል ወይዘሮ እየሩስ ጻፉበት። ግንቡም ተናደ፤ ግን «ተባብራችሁ ነው የወደቃችሁ» ተብለው አራቱም አለፉ።

ሦስተኛው ዙር እውነተኛ ደንበኛ ማስተናገድ ነው። ወይዘሮ እየሩስ ጥበቃውን ታረቀኝን «ከደጅ አንድ ገበሬ አምጣ» አሉት፣ ዶሮ የሚያስገዙ ይመስል። ታረቀኝም ሩቅ አልሄደም። ከጠዋት ጀምሮ አጥሩ ሥር ሰው የሚጠብቁ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸውን ይዞ ገባ።

መክሊት ክው አለች። አባቷ ናቸው! ትናንት በስልክ «ፈተና አለብኝ» ስላለቻቸው ስንቅ ይዘው መጥተዋል፤ በሶው በከረጢት እጃቸው ላይ አለ።

የሺዋስ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለና ወንበሩን ለቀቀላቸው። «በእግዜር፣ በእግዜር» አሉ አቶ እንዳላማው። ወይዘሮ እየሩስ «ደንበኛ በተራ ነው የሚስተናገደው! ማን ተነሣ አለህ?» ብለው አሁንም ጻፉበት።

የሽማግሌው ዓይን መክሊት ላይ ሲያርፍ ፊታቸው በራ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደመቻቸው።

«እንኳን ደህና መጡ አባት! መክሊት እባላለሁ፣ ምን ልታዘዝ?»

ስሟን ላወጡላት ሰው ስሟን ነገረቻቸው፣ ያውም በፈገግታ!

አቶ እንዳላማው ወረቀቶቹን፣ ፈታኞቹን፣ እንደ ባዳ የተቀበለቻቸውን ልጃቸውን አዩ። «ሰው ፈልጌ ነበር፤ ቤት ተሳስቼ መሰለኝ» አሉ።

«ግድ የለም፣ አረፍ ይበሉ» ብላ ወንበሩን አስተካከለችላቸው። ደብተር ላውጣልዎት ብላ ቅጹን አነሣች። ቅጹ ስም ይጠይቃል፤ እሷም በድንጋጤ ያዘዛትን ጠየቀች። «ስምዎትን ማን ልበል?» ካፏ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት። «እንዳላማው» ቢሉ አለቀላት።

«ወልደ ሩፋኤል» አሉ አባቷ። ከንስሐ አባታቸው በቀር ማንም በማይጠራቸው በክርስትና ስማቸው አዳኗት።

ሌሎቹም በተራቸው ሽር ጉድ ካሉ በኋላ ወይዘሮ እየሩስ «አባት፣ ከአራቱ ማን በደንብ አስተናገደዎት?» ብለው ጠየቁ።

«ይች» አሉ ወደ መክሊት እያመለከቱ። «የማታውቀውን ሽማግሌ እንዲህ ያከበረች፣ የወለዷትንማ እንዴት ታከብር!»

ፈታኞቹ አጨበጨቡ። መክሊት ተቀጠረች። አንገቷን ደፍታ ቀረች እንጂ ደስታው ወዴት እንደሄደ እንጃ።

ሮጣ ስትወጣ አባቷ የሉም። ታረቀኝ ከረጢቱን አንጠልጥሎ ቆሟል።

«እኒያ አባት የይጁቤ መኪና እንዳያመልጣቸው ሄዱ» አላት። «"ልጄ ስትመጣ ስጥልኝ" ብለው ይኼን ትተዋል። እስካሁን የመጣች የለም። ልጃቸውን ታውቂያት ይሆን?»

አውቃታለሁ ልትል አፏን ከፈተች። ወይዘሮ እየሩስ ቦርሳቸውን ይዘው ከኋላዋ ብቅ አሉ።

«ኧረ እኔ አላውቃትም» አለች፣ ፈገግ ብላ።

ታረቀኝም «ትመጣ ይሆናል» ብሎ በሶውን ጥበቃ ቤቱ ውስጥ አስቀመጠው።