የአማት ፈቃድ

ምቤዩ አረንጓዴውን የጤና በጎ ፈቃደኞች ሰደርያ ከለበሰች ወዲህ፣ በኪሊፊ ባሕር ዳርቻ ባሉት መንደሮች ያልረገጠችው ግቢ የለም። ስንት ሰው እንዳለ ትጠይቃለች፣ ማን እንዳረገዘች ታያለች፣ አጎበሩ አልጋ ላይ ይሁን ዓሣ ማጥመጃ ሆኖ ይሁን ገብታ ትፈትሻለች። ምላሷ ደግሞ አይጣል ነው።

ያን ቀን ጠዋት አንዲት አራስ ምራት ፊቷ አስቀምጣ ትቆጣ ነበር።

«ልጁን ካተኮሰው ማንንም አትጠብቂ! ባልሽንም ቢሆን፣ አማትሽንም ቢሆን። ይዘሽ ወደ ጤና ኬላ ሩጪ!»

አማቲቱ ካሳቫ እየላጠች ሳቀች። «ስሙ እንግዲህ! ያንቺዋስ ምራት እንዲህ ታደርጋለች?»

«የኔን ተይልኝ» አለች ምቤዩ።

በአገሩ ሰዎች በጊሪያማዎች ግቢ ምራት ከአማቷ ፈቃድ ሳታገኝ ልጅ ይዛ ከደጅ አትወጣም። ምቤዩ ይህን ልማድ በሰው ቤት ስትነቅል ትውላለች፤ በራሷ ቤት ግን ማንም አልነካውም። ባለፈው ክረምት ምራቷ ኡማዚ ሕፃኑ ሲያስለው ሳትጠይቃት ኬላ ወስዳው ነበር። ነርሷ «አያቱ የጤና በጎ ፈቃደኛ ሆና ሳለች እንዴት እስከዚህ ቆየ?» ማለቷን ምቤዩ ስትሰማ ደሟ ፈላ። ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ጮኸችባት። «ዳግመኛ ሳልፈቅድልሽ ከዚህ ግቢ ብትወጪ፣ በዚያው ወደ እናትሽ ቤት!» ኡማዚ ደግሞ የተነገራትን የምትረሳ ልጅ አይደለችም።

ምቤዩ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ስትደርስ ኡማዚ ማንጎው ሥር ቆማለች። ጫማዋን አድርጋ፣ ሕፃኑን ካሂንዲን አዝላ፣ ለመንገድ ተሰናድታለች። ከአጥሩ ግን አልወጣችም።

«ምን ሆነ?»

«ጠዋት አተኮሰው። ከዚያ አንዘፈዘፈው። ስልክዎ አልሠራ አለኝ፣ እማማ።»

ምቤዩ ሕፃኑን ከኡማዚ ጀርባ ነጠቀችው። ዓይኑ ወደ ላይ ተገልብጧል። «ኬላው እዚህ አፍንጫችን ሥር አይደለም እንዴ! ምነው ዝም አልሽ?»

«እርስዎን ስጠብቅ» አለች ኡማዚ።

ምቤዩ ሕፃኑን ታቅፋ ሮጠች። ነርሷ ስትቀበላት ግን ካሂንዲ ትንፋሽ አልነበረውም።

በማግስቱ የምቤዩ ልጅ፣ የሕፃኑ አባት ጄፍዋ ከሚሠራበት ከሞምባሳ ወደብ መጣ። ለቀስተኛው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። «ኬላው ያውና፤ ለምን አልተወሰደም?» አለ ጄፍዋ። ሁሉም ወደ ኡማዚ ዞረ። ኡማዚ አቀረቀረች፤ በሰው ፊት አማቷን አላሳጣችም።

ምቤዩ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። የሚፈለገው «በኔ ነው» ማለት ብቻ ነበር። አልወጣ አላት። አፈረች፣ ፈራችም፤ ልጇ እንዴት እንደሚያያት ማሰብ እንኳ አቃታት።

አንዲት አክስት ለኡማዚ አዘነችላት። «ተዉ አትጨቃጨቁ። ልጅ የሚያንዘፈዝፈው የወፏ መንፈስ ነው። ወፏ የያዘችው ልጅ መርፌ ከነካው ያበቃለታል። ቢወሰድስ ምን ሊሆን?»

ሕፃን ትይዛለች የምትባለውን ይህችን ወፍ ከሰው ልብ ለማውጣት ምቤዩ ስንት ዓመት ተከራክራለች፤ ወባ ነው፣ መድኃኒት አለው እያለች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ። አሁን ሁሉም መልሷን ይጠብቃል።

«አዎ» አለች። «ወፏ ናት።»

ኡማዚ ቀና ብላ አየቻት። ጄፍዋ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ከምንጣፉ ዳር ሕፃን የታቀፈች ሴት «የጤናዋ ሴት ራሷ ወፏ ናት አለች እኮ፤ ሰማሽ?» ብላ ለጎረቤቷ አንሾካሾከች። ምቤዩ ሰማቻት፤ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች።