የፉርጎ ሰፈር እህቶች

ያደታ ለሦስት ሳምንት ያህል ዘመዴ ሆኖ ነበር። ዛሬ እንዲህ ብዬ ስቀልድበት ደስ ይለኛል፤ ያኔ ግን እንኳን ልቀልድ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር።

ጊዜው ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ባቡሩ ገና በአቃቂ በኩል እያፏጨ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድበት። እኔ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የተበጠሰ ክር ስፈልግ ስለምውል፣ ሰው ላይም እንከን ሳልፈልግ የማላድር ይመስላቸዋል፤ ብዙም አልተሳሳቱም። ያደታ ቃሊቲ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። እኔ ስፈጥን እሱ ይዘገያል፤ እኔ ስቆጣ እሱ ዝም ብሎ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። እንደዚህ ተቻችለን ዓመታት ከቆየን በኋላ ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹን ይዘው የመጡት አቶ ሰቦቃ የሚባሉ የአባቱ ጎረቤት ነበሩ። አባቴ በዛብህ በልቡ ከፈቀደ ቆይቷል። ቢሆንም ወግ ወግ ነውና ሰባት ቤት ይቆጠር አለ። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ የሁለቱም ወገን ትውልድ እስከ ሰባት ድረስ ይጠራል፤ አንድ ስም ከገጠመ ነገሩ አበቃ። በያደታ አባት በኩል ሰላም ነበር። ወደ እናቱ ሲዞሩ አቶ ሰቦቃ፣ እናቱ አደሴ የዲንቄ ልጅ ናት፣ ዲንቄም ወደ ገላን ከማግባታቸው በፊት ባቡር ጣቢያው ዘንድ ፉርጎ ሰፈር የኖሩ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ አሉ።

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ጣቢያ ላይ ዙፋን ይሏት የነበረችው ዲንቄ?» ብሎ ጠየቀ።

«ልክ ነው፣ እሳቸው ናቸው።»

«እንግዲያው አክስቴ ናት» አለ አባቴ። «የአባቴ እህት።»

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። ዙፋን የእኔም ስም ነው። ስሙን ያወጣልኝ አያቴ አምባው ሲሆን፣ አባቴ ሁልጊዜ ለአክስቱ መታሰቢያ እንደሆነ ይነግረኝ ነበር። አክስቱ ቤት ውስጥ ዲንቄ፣ ጣቢያ ላይ ደግሞ ዙፋን ትባል እንደነበር የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። ሁለት ስም ያለው ሰው ሞልቷልና ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። ሽማግሌዎቹ የተቀዳላቸውን ሳይጨርሱ ተነስተው ሄዱ።

በማግስቱ ያደታ እናቱን ጠየቃት። ወይዘሮ አደሴም፣ እናቴ አምባው የሚባል የባቡር ሠራተኛ ወንድም ነበራት፣ አለች። በቃ፣ ከሁለቱም ወገን ምስክር ተገኘ። አያቶቻችን ወንድምና እህት ከሆኑ እኔና ያደታ ልንጋባ ቀርቶ አብረን መታየታችንም ያሳፍር ጀመር።

አባቴን ለመሞገት ሞከርኩ። አያቴ አምባው የባቡር ሥራ ሊፈልግ ከመንዝ የመጣ ሰው ነው፤ ዲንቄ የአቃቂ ገበሬ ልጅ ናት፤ በየት በኩል ነው እህትና ወንድም የሚሆኑት? አባቴ ሁሉንም አስቦበት ነበር። በሥጋ ባይሆን በጉዲፈቻ ይሆናል፣ በጉዲፈቻ ባይሆን በጡት፣ በጡት ባይሆን በክርስትና ልጅነት፤ የቱም ቢሆን አያጋባም፣ አለኝ።

«አባቴ እህቴ ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ። «ሲሞትም ወንድሜ ብላ ደረቷን እየደቃች አልቅሳለች። ከገላን በባቡር ቀን ብቻ ነበር የምትመጣው፤ ልጆቿን ባላውቃቸውም እሷን አውቃታለሁ። ልጄ፣ ዓይኔ እያየ ኃጢአት አላሸክምሽም።»

ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስለነበር የልቤን ያህል ልቆጣው አልቻልኩም። አባቴ ሌላ የሥጋ ዘመድ አልነበረውም። በልጅነቱ ሌሎች ልጆች አጎታቸውን ሲጠሩ እሱ ያቺን አንድ አክስት ይጠራ ነበር። እሷን ካድ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ፉርጎ ሰፈርን ልፈልግ ተነሳሁ። ሰፈሩ ከጣቢያው ወደ ወንዙ ሲወርዱ የነበረ፣ ከአሮጌ የባቡር ፉርጎ በተነቀለ ሳንቃና ቆርቆሮ የተሠራ ነው ይላሉ። እኔ ከመወለዴ በፊት ለመጋዘን ሲፈለግ ፈርሷል። ከሥራ እንደወጣሁ ሄጄ ያገኘሁት ረጅም የድንጋይ አጥር፣ የባሕር ዛፍና አንድ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ከሩቅ አገር ከመጣ ገና ዓመቱ ነው፤ እህል ከመጠበቅ በቀር የማውቀው የለም አለኝ። አጥሩን ዞርኩት። አንድ የጉልቻ ድንጋይ እንኳ አልቀረም። ሀዲዱ ላይ ተቀምጬ በንዴት አለቀስኩ። አያቶቼ የኖሩበት ሰፈር ጠፍቶ ዝምድናው ብቻ መቅረቱ አናደደኝ።

መላውን ያመጣው ያው ዘገምተኛው ያደታ ነው። ጋራዡ በር ላይ፣ ሰው እንዳያየን ራቅ ራቅ ብለን ቆመን፣ እጁን እየጠረገ ብዙ አሰበና፣

«ሰፈር ቢፈርስም ሰው መሞቱ አይቀርም» አለኝ። «ለመሞት ደግሞ እድር ያስፈልጋል። እድራቸውን ፈልጊ።»

እውነቱን ነበር። የፉርጎ ሰፈር እድር ሰፈሩ ከፈረሰ ሠላሳ ዓመት አልፎትም አልፈረሰም። አባላቱ ሳሪስ፣ ቃሊቲ፣ ዱከም ተበትነዋል፤ ግን በወር አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ይሰበሰባሉ። አንድም ቤት የሌለው ሰፈር ድንኳን፣ አግዳሚና ትልልቅ ድስት አለው። አባቴ ከጋብቻው በኋላ ወደ እናቴ ሰፈር እድር ስለተዛወረ ይህን አላወቀም።

እሑድ ከፈረቃ እንደወጣሁ የፋብሪካውን ሰማያዊ ጋዋን ሳላወልቅ፣ እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ ሰክቼ ሄድኩ። የእድሩ ዳኛ ይህች ልጅ ስለ ድሮው ሰፈር ትጠይቃለች ብለው አስተዋወቁኝና ወደ ጉዳያቸው ተመለሱ። እኔም ሳላንዛዛ፣ የባቡር ሠራተኛ የነበረውን አምባውን የሚያውቅ፣ ዘመዱ የሆነ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አሮጊቶቹ ተያዩ። ጥቂት ቆይቶ ጠጄ የሚባሉ ቀጭን አሮጊት፣ የጉራጌ ለዛ ባለው አነጋገር፣

«እኔ እህቱ ነኝ» አሉ።

ደነገጥኩ። አጠገባቸው ያሉት እማማ አቻምየለሽ ደግሞ እኔም እህቱ ነኝ አሉ። ከኋላ አንዲት ሐረር ተወለድኩ የሚሉ ወፍራም ሴትዮ እጃቸውን አወጡ፤ እሳቸውም እህቱ ናቸው። ከእነዚህ ወዲያ ሌሎች ሁለት ተጨመሩ። የአያቴ እናት ከመንዝ እስከ ሐረር እየዞረች ስትወልድ የኖረች ሴት ሆነች ማለት ነው። ዲንቄስ ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ባንድ አፍ፣ ዲንቄማ ታላቃችን ናት አሉ።

ተስፋ የምቆርጥ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ቆረጥኩ። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

«በቃ፣ ያደታን አላገባውም» አልኩ።

«ማንን?» አሉ እማማ አቻምየለሽ።

«የዲንቄን የልጅ ልጅ። እኔ የአምባው የልጅ ልጅ ነኝ።»

እማማ አቻምየለሽ ጋዋኔን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንቺ ከባቡር ቢሮ አይደለሽም እንዴ?»

ከጨርቅ ፋብሪካ ነኝ አልኳቸው። መጀመሪያ የጠጄ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ አምስቱም እህቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ። እኔ እያለቀስኩ እነሱ ሲስቁ መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ግን እየተቀባበሉ ነገሩኝ።

ያኔ ጣቢያው ላይ የባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ በዕቃ ባቡሩ ላይ በነፃ እንዲሳፈር ይፈቀድለት ነበር። የፉርጎ ሰፈር ሴቶች ወተትና እንቁላል ሞጆ ወስደው የሚሸጡ ችርቻሮ ነጋዴዎች ናቸው፤ ለቲኬት ከከፈሉ ትርፉ ባዶ ነው። አያቴ በዕቃ ባቡሩ ላይ ፍሬን የሚይዝ ሠራተኛ ስለነበር አንዷን እህቴ ናት አለ፤ ሌላዋም ለመነችው፤ እያለ እያለ ሰፈሩ ሁሉ እህቱ ሆነ። የጣቢያው ተቆጣጣሪ ነገሩ ሲሸተው አዋቂዎቹን ትቶ ልጆቹን በከረሜላ መጠየቅ ጀመረ። ያቺ ሴትዮ ማናት? ይላል፤ ልጅ ደግሞ ከረሜላ ካየ ምስጢር አይቋጥርም። ስለዚህ ሴቶቹ ተማማሉ፤ ልጅ ባለበት ከወንድሜና ከእህቴ በቀር ሌላ ቃል አይወጣም። ልጆቹ እውነቱን ካላወቁ አይዋሹም፣ ካልዋሹ አይያዙም። አባቴ በጆሮው የሰማው ለጆሮው ተብሎ የተነገረውን ነው። ወይዘሮ አደሴም እንዲሁ።

ተቆጣጣሪው እኮ ሞቶ ይሆናል፣ አሁን ምን ያስፈራችኋል ብዬ ጠየቅኩ። እሱ ቢሞት ቢሮው አለ አሉኝ ጠጄ፤ የስንት ዓመት ቲኬት ቢጠይቁን ከየት እናመጣለን?

እፎይ አልኩ። ሳቅኩም። እነዚህን የመሰሉ ውሸታሞች ስለፈጠረልኝ እግዚአብሔርን እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ አመሰገንኩት።

አባቴ ግን ቶሎ እፎይ የሚል ሰው አልነበረም። እማማ አቻምየለሽን በታክሲ ይዤያቸው ሄድኩ። ነገሩን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሰማና፣

«ሌሎቹ የውሸት ይሁኑ» አለ። «ከመካከላቸው አንዷ እውነተኛ እህቱ ልትሆን አትችልም?»

አባባሉ ከእንከን ፈላጊዋ ልጁ የባሰ ነበር፤ ግን መልስ ያስፈልገዋል። በጡት ቢሆንስ ብሎ ጠየቀ። እማማ አቻምየለሽ፣ አምባው እዚህ ሲመጣ ጺም ነበረው፣ ማን ያጠባዋል አሉት። ጉዲፈቻስ ቢባል፣ ጺም ያለውን ማን በጉዲፈቻ ያሳድገዋል አሉት። በክርስትናስ ሲላቸው፣ ሴትን ወንድ ክርስትና ሲያነሳ የት አይተሃል ብለው ተቆጡት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በዛብህ፣ የመጀመሪያዋ እህት ዲንቄ ናት። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ተቆጣጣሪው የወተት ቅሏን ነጥቆ ከፉርጎው ሊያወርዳት ሲል፣ ያ ገና አዲስ የመጣ ጺማም ልጅ ተዋት፣ እህቴ ናት አለው። ስሟ ማን ነው? ብሎ አፋጠጠው። አምባው ስሟን ከየት ያውቀዋል? አይቷትም አያውቅ። ዙፋን አለ።»

አባቴ ቀና አለ።

«ዙፋን አገሩ በልጅነቷ የሞተችበት እህቱ ናት» አሉ እማማ አቻምየለሽ። «አፉ ላይ የመጣለት የእሷ ስም ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዲንቄ ጣቢያ በደረሰች ቁጥር ዙፋን ሆነች። የእህቱን ስም የማያውቅ ወንድም አለ እንዴ?»



«ከረሜላው ቀይ ነበር» አለ አባቴ። «አክስቴ ናት አልኩና ሰጠኝ።» ቆየና፣ «ታዲያ እስኪሞት ለምን አልነገረኝም?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ምን ብሎ ይንገርህ? እህት የለኝም ብሎ?»

አባቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያለቅስም ነበር። እኔም ስለ ስሜ አሰብኩ፤ መንዝ የቀረችውን ያቺን ሕፃን እስከዚያች ቀን አላውቃትም ነበር። አባቴ ፊቱን ጠርጎ ሲገለጥ አሥር ዓመት የቀነሰ መሰለ።

«አንድ አክስት ነበረችኝ፣ እሷንም ቀማችሁኝ» አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አቶ ሰቦቃ ጋ ሰው ላኪ፤ ይምጡ» አለኝ። እኔ ሰው አላክሁም፤ ራሴ ሮጥኩ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ድስቱንና አግዳሚውን ያዋሰን የፉርጎ ሰፈር እድር ነው። የእኔ ክፍል መስኮት ወደ አጥሩ በር ስለሚያሳይ፣ ተውቤ ስጠብቅ እንግዳ ሲገባ አይ ነበር። በር ላይ መጥሪያ የሚቀበለው ከያደታ ጋራዥ የመጣ ልጅ ነው። አምስቱ አሮጊቶች ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አንድም መጥሪያ ሳይዙ መጡ። ልጁ በትሕትና የማን ወገን እንደሆኑ ጠየቃቸው።

«የሙሽራዋ አያት እህቶች ነን» አሉ ጠጄ።

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም።»

ልጁ ጠጄን አየ፣ የሐረሯን ሴትዮ አየ፣ ግራ ገብቶት ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ከአንድ ቀን በቀር ዋሽቶ አያውቅም፤ ያን ቀንም ሳያውቅ ነው። ነጠላውን አስተካከለና ወደ በሩ ሄደ።

«አክስቶቼ ናቸው» አለ። «አስገባቸው።»