የማላውቀውን ቋንቋ ሳርም

ልጄ ሔራን ደብረ ብርሃን የእንስሳት ሕክምና ነው የምትማረው። አራተኛ ዓመት ናት። ላምና በግ ለማከም ቻይንኛ ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ ያስረዳኝ ሰው የለም። እሷ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ቻይንኛ ስትማር ኖራለች።

ለእረፍት አንኮበር ስትመጣ ነገሩን አፍረጠረጠችልኝ። የንግግር ፈተና አለባት። ካለፈች ቻይና ሄዳ አንድ ዓመት ትማራለች። ባለፈው አንዴ ወድቃለች፤ አሁንም ከወደቀች ሌላ ዕድል የለም።

«ላሞቹስ?» አልኳት።

«ስመለስ እጨርሳለሁ፣ አባዬ። ላሞቹ የትም አይሄዱም።»

ላሞቹማ አይሄዱም። የምትሄደው እሷ ናት። ሌላ ልጅ የለኝም። ይህን ልነግራት ሲገባኝ ተቆጥቼ ወጣሁ።

እኔ የንባብ መምህር ነኝ። ሠላሳ ዓመት ከቤተ ክርስቲያናችን ጥድ ሥር ልጆችን ዳዊት አስነብቤአለሁ። ሔራንም እዚያው ነው ያነበበችው። ያኔ ሕግ ነበረን፤ ቤት ውስጥ «አባዬ፣ አንተ» ትለኛለች፣ ከጥዱ ሥር ግን እንደ ማንኛውም ተማሪ «የኔታ፣ እርስዎ»። ዳዊት ከደገመች ወዲህ የኔታ ብላኝ አታውቅም።

ጠዋት ጠዋት ጓዳ ሆና ስታጠና ይሰማኛል። የመምህሯን ድምፅ ከስልኳ ትከፍታለች፤ ከዚያ ትደግማለች። ቃሉ አንድም አይገባኝም። በሦስተኛው ቀን ግን ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጥለውን ቃል እሷ ከፍ አድርጋ እንደምታነሣው ሰማሁ። ሰባት ጊዜ ደገመችው፤ ሰባቱንም ጊዜ አነሣችው።

ዝም ብል ትወድቃለች። ብትወድቅ ትቀርልኛለች። ይህን አስቤአለሁ፤ አልዋሽም። ሁለት ቀን ዝም አልኩ።

በአምስተኛው ቀን ያንኑ ስትስት መቋሚያዬን ወለሉ ላይ መታሁ። ተማሪ ሲስት የማደርገው እንዲሁ ነው።

«ጣይው!» አልኩ ከጓዳው ደጅ ሆኜ።

«ምኑን?»

«መጨረሻ ላይ ያለውን! ሰውዬው ይጥለዋል፣ አንቺ ታነሺዋለሽ። የዳዊቱን ተነሽና ወዳቂ ንባብ የለየሽ ልጅ ይሄ እንዴት ይጠፋሻል?»

ከዚያ ወዲያ ሳምንት ሙሉ አብረን ተቀመጥን። እሷ ታነባለች፤ እኔ እመታለሁ። አንድ ቀን ሳላስበው በእኛ ዜማ አስጎተትኳት፤ «አባዬ፣ ቻይናዎች እንዲህ አይጎትቱም» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እናቷ ይታይሽ ግን አልሳቀችም።

«አስተምረህ ልትሸኛት ነው?» አለችኝ ለብቻዬ።

«እየሳተች ስታነብ ዝም ልበል?» አልኳት።

ፈተናው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ነበር፤ ዓርብ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ሲጮኽ ከጥዱ ሥር ልጆቹን እያስነበብኩ ነበር። ጠዋት ስጸልይ እንድታልፍ ይሁን እንድትወድቅ ሳልለይ ነው የተነሣሁት። አሁንም አልለየሁም።

«እንደምን ዋሉ፣ የኔታ?» አለችኝ።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«አለፍኩ፣ የኔታ። ቻይናዎቹ የጣሉትን ሁሉ ጣልኩት።»

«ተመስገን» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ፣ ልጆቹ እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ ጥዱ አዙሬ አለቀስኩ። ትሄድብኛለች፤ ያስኬድኳትም እኔው ነኝ። ከኋላዬ አንዱ ተማሪ ሲስት ሰማሁ። ሳልዞር መቋሚያዬን መታሁ።