የጋሽ ተሰማ ጥያቄ

«ለሆሳዕና እንኳ ቤተ ክርስቲያን አልደረሱም አሉ።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች!»

ኑኃሚን የሁለቱን ለቀስተኛ ሴቶች ሹክሹክታ ሰምታለች። የንፍሮ ሰሃን እንደያዘች ከለቅሶው ድንኳን መጋረጃ ጀርባ ደርቃ ቀረች። አባቷ ጋሽ ተሰማ በሰሙነ ሕማማት፣ ማክሰኞ ዐርፈው በማግስቱ ያለ ፍትሐት ተቀበሩ። በሕማማት ፍትሐት የለም፤ በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሁሉ አስቀድሞ በሆሳዕና ይደረስለታል። እሳቸው ግን ሆሳዕናን የዋሉት እዚሁ ጌጃ ሰፈር፣ አልጋቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው።

ጎረቤታቸው ቀመሪያ ሰሃኑን ተቀበለቻት። «ምነው እህቴ፣ እጅሽ በረዶ ሆነ?»

«ምንም።»

ሴቶቹ ያላወቁት የባሰ ነገር ነበር።

ጋሽ ተሰማ ድሮ ልጆቻቸውን አስከትለው ልደታ ማርያም የሚያስቀድሱ ሰው ነበሩ። በኩር ልጃቸውን በዕውቀቱን ሜክሲኮ አደባባይ ላይ መኪና ከገደለው በኋላ ግን ነጠላቸውን ሰቀሉ። ስለ ክርስቶስ ሲነሳ፣ «ደግ ሰው ነበር፤ አልክድም» ይላሉ። «አምላክ ቢሆን ግን መጀመሪያ ራሱን ከመስቀል ባወረደ።» የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ የሆነችው ኑኃሚን በጥቅስ ላይ ጥቅስ እየደረደረች ትከራከራቸው ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ እጇን ጨበጡ።

«ፈራሁ፣ ልጄ። እስቲ ንገሪኝ... እውነት አምላክ ነው?»

ያ ሁሉ ጥቅስ ጠፋባት። ያንን የሚያቃትት ደረት እያየች «አዎ» ማለት አቃታት። መልስ ሳትሰጣቸው እጃቸው እጇ ውስጥ ላላ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። አባቷ የሄዱበትን ፈራች፤ ከዚያም በላይ ዝም ያሰኛትን ጥርጣሬ ፈራች።

የስቅለት ዕለት እናቷ ወይዘሮ ቦሰና፣ «ተነሽ፣ ሂጂና ስገጂ» አሏት። «ለቅሶ ቤት ሰው አላጣም።»

የልደታ ማርያም ግቢ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኑኃሚን አጥሩን ተጠግታ፣ ልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ ከሕዝቡ ጋር ትወድቃለች፣ ትነሳለች። ካህኑ ወንበዴው በቀኝ ተሰቅሎ «በመንግሥትህ አስበኝ» ያለውን ሲያነቡ ግን ቀና አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማችው ቃል ነው። ዛሬ ግን ወንበዴው ያየውን አየች። ባሕሩን የገሠጸውን አልነበረም ያየው፤ ሙት ያስነሳውንም አልነበረም። ደም የለበሰ፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ሊሞት የደረሰ ሰው ነበር፤ ልክ እንደ አባቷ። እሱን አይቶ ነው ጌታ ያለው።

ክርስቶስ ከመስቀል መውረድ አቅቶት አይደለም። የሚያቃትቱትን ትቶ አልወርድ ብሎ ነው።

«ጌታዬ፣ አምላኬ» ስትል የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ግን ተቀየረ። ባዶ መስሎት በገባበት ቤት ንጉሥ ተቀምጦ ያገኘ ሰው ፍርሃት ሆነ።

ወደ ማምሻው ስግደቱ አብቅቶ ምእመናን ካህናቱ ፊት ተሰለፉ። ተራዋ ሲደርስ ተንበረከከች። አባ ቃለሕይወት ጀርባዋን በወይራ ቅጠል መታ መታ አድርገው ለንስሐ የምትሰግደውን ስግደት ቁጥር ነገሯት። አልተነሳችም።

«ምነው ልጄ?»

«የአባቴንም ይስጡኝ፣ አባ።»

«እሳቸውስ የታሉ?»

«ማክሰኞ ዐረፈ።» እንባዋ መጣ። «ፈርቶ ነበር። እየጠየቀኝ ነው የሄደው።»

አባ ቃለሕይወት ወይራውን እንደገና አነሱና ቁስል እንደሚነካ ሰው ቀስ ብለው ጀርባዋ ላይ አሳረፉት።

ኑኃሚን ወገቧን በነጠላዋ አጥብቃ ታጠቀች። የራሷን አቆይታ በአባቷ ስግደት ጀመረች።