ጣሪያ አንኳኪው

ሱሩር ከሞጆ ወጣ ብሎ ባለ፣ ፑሚስ የሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በሚቆፈርበት ዋሻ ውስጥ ጣሪያ የሚፈትሽ ሰው ነበር። ሁልጊዜ ጠዋት ከሁሉም በፊት ብቻውን ይገባና ረጅሙን ብረት ወደ ላይ እየሰደደ ጣሪያውን ያንኳኳል። ደህናው ድንጋይ ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ ከላይ የለቀቀው ግን እንደ ባዶ በርሜል ድም ይላል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እሱ «ግቡ» ሲል ሰው ይገባል፣ «ቆዩ» ሲል ይቆማል።

ጆሮው መድከም የጀመረው ካቻምና ነው። መጀመሪያ የነቃችበት ሚስቱ ቶይባ ነች። አዳማ ቤታቸው ቴሌቪዥኑን ሲያስጮኸው ታዝባ ሰንብታ፣ «ሰውዬ፣ ሐኪም ዘንድ እንሂድ» አለችው። «ደክሞኝ ነው» ብሎ አለፋት። በሃምሳ አራት ዓመቱ፣ ጆሮው እንደከዳው ከታወቀ፣ ማን ሌላ ሥራ ይሰጠዋል?

ግንቦት ላይ ፍሬሕይወት የምትባል የደህንነት ባለሙያ መጥታ ለሁለት ቀን ሥልጠና ሰጠች። የጣሪያ ስንጥቅ እንዴት እንደሚለይ፣ የድጋፍ እንጨት በስንት እርምጃ እንደሚቆም አሳየቻቸው። በመጨረሻም፣ «ጣሪያ የሚያንኳኳ ሰው ጆሮው ደህና መሆን አለበት። የመስማት ችግር ያለበት አለ?» ብላ ጠየቀች።

ሱሩር መሬት መሬቱን አየ። አጠገቡ የተቀመጠው ነገሪ፣ ስንት ዓመት አብሮት የበላው ጓደኛው፣ ዞር ብሎ አየው እንጂ ትንፍሽ አላለም።

ወደ ታክሲ ሲሄዱ ግን ክንዱን ያዘው። «ቅድም ሦስቴ ጠራሁህ እኮ።»

«ሐሳብ ይዞኝ ነው።»

«ቆይ፣ ሱሩር...»

«እጄ ይሰማል!» አለ ሱሩር ቱግ ብሎ። «ንዝረቱን በመዳፌ አውቀዋለሁ። በእኔ ትጠራጠራለህ?»

«ኧረ እኔስ አልጠራጠርም» አለ ነገሪ፣ ክንዱን እየለቀቀው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሱሩር እንደ ልማዱ አንኳኩቶ ወጣና «ግቡ» አለ። ነገሪ ቀድሞ ገባ። ገና አካፋውን ሳያነሳ ጣሪያው ባንዴ ወረደበት። ሱሩር ድምፁን አልሰማም፤ አቧራው ከዋሻው አፍ ሲተፋና ሰዎች ሲሮጡ ነው ያየው። ነገሪን ቆፍረው ሲያወጡት ነፍሱ አልነበረችም።

ማንም አልወቀሰውም። «አላህ የጻፈው ነው» እያሉ ያጽናኑት ጀመር፤ እሱን ደግሞ ማጽናናቱ ነው ያቃጠለው። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ሄዶ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው እስኪሳሳ ጠበቀና ወደ ነገሪ ሚስት ወደ ሌሊሴ ጠጋ አለ።

«ጆሮዬ አይሰማም ነበር። ደብቄ ነው ያስገደልኩት።»

ሌሊሴ አላለቀሰችም። እንዲሰማት ወደ ጆሮው ቀረበች። «ያውቅ ነበር። ለአለቆቹ ንገር ብዬው ነበር። ‹የሱሩርን ልጆች ጉሮሮ እንዴት እዘጋለሁ?› አለኝ።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «በል አሁን ከቤቴ ውጣ» አለችው።

ሥራውን ተወው። ፍሬሕይወትን አፈላልጎ ሁሉንም ነገራት። «ለሌሎቹም ይንገሩልን» አለችው።

መስከረም ላይ፣ እሷ በምትሰጠው ሥልጠና፣ አርባ ቆፋሪዎች ፊት ቆመ። ኮፍያውን በእጁ እያሸ፣ «ጠይቃኝ ነበር። ዝም አልኩ» አለ። ከኋላ ፉፋ የሚባል ሰው እጁን አውጥቶ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሱሩር ከንፈሩን ብቻ ነው ያየው። ፍሬሕይወት ጎንበስ ብላ፣ «የግራ ጆሮዬ አይሰማም እያለ ነው» አለችው።

ወደ አዳማ ሲመለስ ሚኒባሱ ሞጆ ላይ ሰው ለማውረድ ቆመ። የነገሪ ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም። ሱሩር ለመውረድ ብድግ ብሎ ነበር፤ መልሶ ተቀመጠ። ሌሊሴ እስከ ዛሬ ግባ አላለችውም።