ያልታጠበው ስፖንጅ

ደክሞኛል። ወሬ በዚህ ሲጀመር ደስ እንደማይል አውቃለሁ፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከምሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወጥቼ በሁለት አውቶቡስ አባቴ ቤት እሄዳለሁ። አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ መድኃኒቱን አውጥቼ እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ እንደገና በሁለት አውቶቡስ ወደ ቤቴ። ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ፈዝዤ የምቀመጥበት ቀን ብዙ ነው። ወንድሜ ሩቅ ስላለ በስልክ ያግዘኛል፤ «አይዞሽ» የሚባል እገዛ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። አምና ጓሮው ካለው ኩሬ ዳር አንሸራቶት ወደቀና እኔ እስክደርስ ድረስ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ ጠበቀኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አባዬ፣ እኔ ጋ ና።» ካሉኝ ሁለት ክፍሎች አንዱን ባዶ አድርጌ እየጠበቅኩት ነው። እሱ ግን ኩሬውን ትቶ ንቅንቅ አይልም። አንድ ቀን ደግሞ እንዲሁ ወድቆ እኔ እዘገያለሁ እያልኩ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ፌርማታ እቆጥራለሁ።

ኩሬው ውስጥ ኮይ የሚባሉ ባለቀለም ትልልቅ ዓሦች አሉ። ድሮ አሥራ አንድ ነበሩ፤ አሁን ሁለት ብርቱካንማና አንዲት ነጭ ቀርተዋል። ነጯ ግንባሯ ላይ ቀይ ምልክት አላት፣ ክንዴን ታህላለች፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች ከመዳፏ ላይ ነበር የምታበላት። አባቴ «ሴትዮዋ» ይላታል። ስልክ ባነሳ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄው «ከመሄድሽ በፊት ሴትዮዋ በላች?» ነው። እኔ ልብላ አልብላ ጠይቆኝ አያውቅም። በዓሣ ቀንታ ነው ካላችሁኝ፣ አዎ ቀንቼ ነው።

አንድ ቀን እግሩን እያጠብኩት ሳለሁ የመዛወሩን ነገር እሱ ራሱ አነሳው።

«መጀመሪያ ሴትዮዋ ትሂድ» አለ። «አንቺ ቤት አንድ ሳምንት ኖራ ከበላች እኔም እመጣለሁ። ካልተስማማት ግን ይሄን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

«አንተ ዓሣ ነህ እንዴ አባዬ?»

«አርጅታለች እኮ። ያረጀ ነገር ማዛወር ቀላል መሰለሽ?»

እሺ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ። ባዶው ክፍል ጥግ ላይ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ገንዳ አስገባሁ። ውኃ ሞላሁ፣ የቧንቧውን ክሎሪን የሚያጠፋውን ጠብታ ጨመርኩ፣ አየር የሚነፋውን ፓምፕ ሰካሁ። አባቴ ከኩሬው ማጣሪያ ውስጥ ካሉት ሁለት ስፖንጆች አንዱን አውጥቶ፣ ከነውኃው ፌስታል ውስጥ ከትቶ ሰጠኝ።

«ይሄን እንዳለ አዲሱ ማጣሪያ ውስጥ ክተቺው» አለኝ። «እንዳለ።»

ስፖንጁ ጥቁር፣ ዝልግልግ ያለ፣ የሚሸት ነገር ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ተነስታ መቆም መረጠች። ቤት ደርሼ ሳየው እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሠላሳ ዓመት የሰው ደምና መግል ከአንሶላ ላይ ሳስለቅቅ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ልክተት? የአባቴ ዓይን ደክሟል፣ ቆሻሻው አልታየውም አልኩ ለራሴ። በሙቅ ውኃና በበረኪና አጠብኩት፣ ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩት። ከገዙትም ቀን ይበልጥ ነጣ። ደስ ብሎኝ ከተትኩት፤ ለአባቴ ግን አልነገርኩትም።

ሴትዮዋ ብቻዋን እንዳትሆን ሁለቱ ብርቱካንማዎችም አብረዋት ይሂዱ ተባለ። መንገድ ላይ ውኃቸውን እንዳያቆሽሹ ሦስቱም ሦስት ቀን ምግብ ተከልክለው ቆዩና የመጓዣቸው ቀን ደረሰ። አባቴ እጀታው በላብ የጠቆረ አሮጌ ወንበሩን ኩሬው ዳር አስወጥቶ ትእዛዝ ጀመረ፤ እኔ እስከ ጭኔ ውኃ ውስጥ ነኝ።

«በመረብ እንዳታነሻት። መረቡ መንገድ ለማሳየት ነው።»

ሴትዮዋን በመረቡ ቀስ እያልኩ ውኃ ውስጥ ወደጠለቀው ሳፋ መራኋት። ከሳፋው ወደ ወፍራም ላስቲክ አሳለፍኳት፤ ሲሶው ውኃ፣ የቀረው አየር። ብርሃን እንዳያስደነግጣት አባቴ ኮቱን አውልቆ አለበሳት። ለእኔ ኮቱን አውልቆ አያውቅም ልል ብዬ ተውኩት፤ ወገቤ ሊበጠስ ነበርና የቀልድ አቅም አልነበረኝም። ጎረቤቱ ያለው ሾፌር እኔንና ዓሦቹን በትንሿ የጭነት መኪናው ወሰደን። ቦታ ስለተረፈ አባቴ ወንበሩንም ጫነው። «እኔ እስክመጣ ይጠብቀኝ» አለ።

ቤት ስደርስ ላስቲኮቹን ግማሽ ሰዓት ገንዳው ላይ አንሳፈፍኩ፤ ሙቀቱ እስኪቀራረብ ነው። ከዚያ በእጄ እያቀፍኩ ለቀቅኳቸው። እንዳይዘሉም ገንዳውን በመረብ ሸፈንኩ።

ወንበሩን ግን ምን ላድርገው? ለአባቴ ብዬ ግድግዳውን ነጭ አስቀብቼ፣ አዲስ አንሶላ አንጥፌ፣ አዲስ ወንበር አምጥቼለታለሁ። አሮጌውን ታች ከደረጃው ሥር አስቀመጥኩት፤ ሐሙስ የቆሻሻ መኪና ሲመጣ ይወስደዋል ብዬ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። በአራተኛው ቀን ሴትዮዋ ክንፎቿን አጣብቃ ገንዳው ታች ተኛች። ምግብ ብጥልላት ዞራም አላየችው። ማታ አባቴ ደወለ።

«በላች?»

«አዎ አባዬ፣ በደንብ በላች አባዬ።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁት። ሦስት ቀን ብቻ ነበር የቀረው። እሱ ይግባልኝ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ የፈለገችውን ትሁን አልኩ። ይሄን ማሰቤን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በማግስቱ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አንዱ ብርቱካንማ ሞቶ ተንሳፍፎ አገኘሁት። ሴትዮዋ አፏን ከውኃው በላይ አውጥታ አየር ትጎርሳለች። ቆሜ አየኋት፤ እናቴ መዳፏን ውኃ ላይ ስትዘረጋ ታየችኝ። መዋሸት አቃተኝና ደውዬ አንዱ መሞቱን፣ ሴትዮዋም አየር እየጎረሰች መሆኑን ነገርኩት።

አባቴ አልተቆጣም። «ስፖንጁ ምን ይመስላል?» አለኝ።

«ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕ?»

«አጥቤዋለሁ። በበረኪና።»

«ያ ጥቁሩ ነገር ሕይወት ያለው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የዓሦቹን ቆሻሻ የሚበላላቸው እሱ ነበር። አሁን የገዛ ሽንታቸው እየመረዛቸው ነው። ውኃውን ግማሽ በግማሽ ቀይሪ። ጠብታውን አትርሺ። ምግብ እንዳትሰጪ።» ስልኩን ዘጋው።

ሥራ ቦታ ደውዬ አሞኛል አልኩ፤ እሱም ውሸት አይደለም። ውኃ በባልዲ ሳወጣና ሳስገባ ቆየሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። አባቴ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። በከዘራው ደረጃውን ወጥቶ፣ ከንፈሩ ነጥቶ፣ ሾፌሩ ከኋላ ደግፎት ቆሟል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነው። ደረቱ ላይ ፌስታል አቅፏል፤ ሁለተኛው ጥቁር ስፖንጅ። ብቻውን ኩሬው ውስጥ ገብቶ አውጥቶታል። ልጮህበት አልኩና ከመንገዱ ዘወር አልኩለት።

ሰላም እንኳ ሳይለኝ ወደ ገንዳው ሄደ። እኔ ያነጣሁትን አውጥቶ ጥቁሩን በራሱ እጅ ከተተው። ሴትዮዋን ጎንበስ ብሎ አያት፣ ከዚያ ዞር ዞር አለ።

«ወንበሬስ?»

አዲሱን አቀረብኩለት። የሐኪም ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ነጩን ግድግዳ አየ፣ አንሶላውን አየ።

«እኔንም እንደ ስፖንጁ አጥበሽ ልታስገቢኝ ነበር?» አለ። ቁጣ የለበትም፤ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ደክሞኝ ነው አባዬ» አልኩት። እንባዬ መጣ። «ትናንት የነገርኩህም ውሸት ነበር። አልበላችም።»

«አውቄያለሁ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትዋሺ ‹አባዬ›ን ሁለቴ ነው የምትይው። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።» እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺስ በላሽ?»

በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። አልበላሁም አልኩት። «ሂጂ ብዪ። እኔ እዚህ አለሁ» አለ። አለሁ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን ደግሜ ለመጠየቅ ፈራሁ።

ከመብላቴ በፊት ታች ወረድኩ። ሐሙስ ገና ነገ ነው። ወንበሩ ከደረጃው ሥር እንዳለ ነበር፤ አቧራ ጠጥቷል፣ እጀታው ጥቁር እንደሆነ ነው። በየፎቁ እያረፍኩ ተሸክሜ አወጣሁት። እጄ ወደ መወልወያው ሲሄድ ያዝኩት፤ እንዳለ ከገንዳው አጠገብ አስቀመጥኩለት። አባቴ ተዛውሮ ተቀመጠበትና ጀርባውን ለቀቀው።

ሴትዮዋ የበላችው በዘጠነኛው ቀን ነው፤ አንዲት ፍሬ፣ ከአባቴ መዳፍ ላይ። የውላችን ሳምንት አልፎ ነበር፤ አባቴም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ሁለታችንም አላነሳነውም።