ስድስት ማንኪያ ኮፕ

የአባቴ የእግር ጣት ቁስል አልድን ብሏል። ሐኪሙ ስኳሩ በቶሎ ካልወረደ ጣቱ እንደሚቆረጥ ነገረን። ሥነ ምግብ ተምሬ ስለመጣሁ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ካርቦሃይድሬቱን መቁጠር ነው። ኮፕ የምንለውን በእንፋሎት የበሰለ የበቆሎ ፍርፍር መዘንኩ፤ ለአንድ ምግብ ስድስት ማንኪያ ወሰንኩለት። ዓሣ እስኪጠግብ።

ግን አባቴ ብቻውን በልቶ አያውቅም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንድሞቹ ቢየልና ያክ እንደ ልማዳቸው መጡና ማንጎው ሥር ትልቁን ሳህን ከበቡ። እኔ የአባቴን ድርሻ በትንሽ ሳህን ለብቻው ሰጠሁት።

አጎቴ ቢየል ሳህኑን አየ። "ጋትኬክ፣ ተጣላን እንዴ?" አለው አባቴን።

"ኧረ የልጄ ነገር ነው" አለ አባቴ። ትንሹን ሳህን አንስቶ ትልቁ ላይ ገለበጠው። የመዘንኩት ሁሉ ክምሩ ውስጥ ጠፋ።

"እሺ፣ ጣትህን አስቆርጥ" አልኩት።

"ዶክተሯ ተቆጣች" አለ ያክ። አየር ማረፊያ ሻንጣ ሲያነሳ የሚውል ግዙፍ ሰው ነው፤ የሳህን ግርጌ ሳያይ ተነስቶ አያውቅም። "ስንት ፈቀድሽለት?"

"ስድስት ማንኪያ። ከዚያ ካለፈ ስኳሩ ይወጣል።"

"ለወፍ ነው ለሰው?"

ቢየል ጸለየና መብላት ጀመሩ። ስለ ባሮ ሙላት እያወሩ ይጎርሳሉ። እኔ በንዴት የአባቴን ማንኪያ እቆጥራለሁ። ስድስተኛውን ዋጠና እጁን እንደገና ዘረጋ።

ያክ ማንኪያውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። ቢየልም አስቀመጠ። ወሬያቸውን ግን አላቋረጡም። አባቴ ሁለቱን አያቸው፤ ቀስ ብሎ እጁን መለሰ።

ኮፑ እንደተከመረ ቀረ። በግቢያችን እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እያወሩ፣ እየሳቁ፣ ሁለቱም ሲቆጥሩ ነበር። የያዝኩትን የውሃ ጆግ ማስቀመጥ ረስቼ እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

ያክ ዓሣውን ወደ አባቴ ገፋ። "ይሄ አይቆጠርም አይደል?"

"አይቆጠርም" አልኩ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ የአባቴን የእጅ ጣት ወግቼ ስኳሩን ለካሁ። ሦስቱም መለኪያው ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። ትናንት በዚህ ሰዓት ሁለት መቶ ዘጠና ያለው ማሽን አሁን መቶ ስድሳ አለ። አባቴ ቁጥሩን በአውራ ጣቱ ጠረግ አድርጎ እንደገና አየው።

"የእኔንም ለኪኝ" አለ ያክ። "ረሃብ ይታይ እንደሆነ።"

ቢየል ተነስቶ ጫማውን አጠለቀ። "ነገም ስንመጣ ስድስት ማንኪያ ነው?"

"ነገም።"

"እንግዲያው ዓሣ ጨምሪ" አለኝ።